በሜስታያ የጨዋታ ቀን፦ ከትኬት ግዢ እስከ መውጫ በር

የቫሌንሲያ ክለብ ከ1923 ጀምሮ የሚጫወትበት ሜስታያ ስታዲየም የመጨረሻ ዓመቶቹ ላይ ደርሷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለረጅም ጊዜ ቆሞ የነበረው የአዲሱ ስታዲየም ግንባታ በጃንዋሪ 2025 እንደገና ተጀምሯል፤ ክለቡም በ2027 ወደዚያ ለመዛወር አቅዷል። በመኖሪያ ሕንፃዎች መሀል ተሰክቶ የቆመው፣ 49,000 ገደማ ተመልካች የሚይዘውና ወንበሮቹ ቀጥ ብለው ሽቅብ የሚወጡት አሮጌው ሜዳ ከዚያ ወዲያ የክለቡ ቤት አይሆንም። ሊያየው የሚሻ ሰው ዛሬ ነገ ባይል ጥሩ ነው።

ከተማይቱ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለችም። ለተሰንበት ግደይ በ2020 የ5,000 ሜትር፣ በ2021 ደግሞ የግማሽ ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው ቫሌንሲያ ላይ ነው። አማኔ በሪሶ በ2022፣ ሲሳይ ለማ በ2023 የከተማዋን ማራቶን አሸንፈዋል። ለሩጫ፣ ለሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ ያቀና ሰው አንድ ምሽት ለሜስታያ ቢሰጥ አይቆጭም።

ነገር ግን ብዙ ጎብኚ የሚሰናከለው ገና ቤቱ ሳለ ነው፤ መጀመሪያ አውሮፕላን ይቆርጣል፣ ቀጥሎ ሆቴል ይይዛል፣ በመጨረሻ የጨዋታውን ቀን ያጣራል። በስፔን ሊግ መጨረሻ ላይ የሚታወቀው የጨዋታው ቀንና ሰዓት ስለሆነ፣ ሌላው ዝግጅት ሁሉ ለእሱ ቦታ መተው አለበት። የሚከተሉት ደረጃዎች በዚሁ ቅደም ተከተል የተቀመጡ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ፓስፖርት፣ ባትሪው የሞላ ስልክና ተጨማሪ ቻርጅ መያዣ፣ የባንክ ካርድ፣ ኮፍያ፣ እንደ ወሩ ቀላል የዝናብ ልብስ ወይም ጃኬት፣ እንዲሁም ደረጃ ለመውጣት የሚመች ጫማ።

1. ጨዋታውን ይምረጡ፤ ቀኑን ግን ገና እንዳልተቆረጠ ይቁጠሩት

ላሊጋ ከኦገስት እስከ ሜይ ይዘልቃል። ከውድድሩ መጀመር በፊት የሚወጣው መርሐ ግብር የሚነግርዎ ጨዋታው በየትኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ እንደሚውል ብቻ ነው። ትክክለኛው ቀንና ሰዓት በቴሌቪዥን ስርጭቱ መሠረት የሚወሰነው ጨዋታው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሲሆን፣ ከዓርብ ምሽት እስከ ሰኞ ምሽት ባለው ጊዜ የትም ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ የመረጡት ጨዋታ “እሑድ” ተብሎ ቢጻፍም ሐሙስ ገብተው ማክሰኞ የሚወጡበትን ዕቅድ ያውጡ። ይህን ያህል ቀን ከሌለዎት ሰዓቱ እስኪታወቅ ይጠብቁ፤ አለዚያም ቀኑ የሚለወጥ ትኬትና ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ሆቴል ይያዙ።

ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና ሲመጡ ዋጋው ይንራል፣ ወንበርም ቶሎ ያልቃል። ስታዲየሙን ለማየት የሚሄድ ሰው መካከለኛ ተጋጣሚ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ወንበር የመምረጥ ዕድሉ ይሰፋል፣ ኪሱም ይተርፋል።

ሁለት ወቅቶችን ለይተው ይወቁ። ከማርች 15 እስከ 19 ፋያስ የተባለው የከተማዋ ታላቅ በዓል ስለሚከበር ሆቴል ይወደዳል፣ የመሀል ከተማ መንገዶችም ለመኪና ይዘጋሉ። ማራቶኑ ደግሞ በዲሴምበር የመጀመሪያው እሑድ ይሮጣል፤ ሩጫውንና ጨዋታውን አንድ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው መኝታውን ከወራት በፊት መያዝ አለበት።

የከተማዋ የሴፕቴምበርና የኦክቶበር ዝናብም ቀላል አይደለም። ኦክቶበር 29 ቀን 2024 በቫሌንሲያ አውራጃ የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል፤ ከአራት ቀን በኋላ ሜስታያ ላይ ሊደረግ የነበረው የቫሌንሲያና የሪያል ማድሪድ ጨዋታም ተራዝሞ የተካሄደው በጃንዋሪ 3 ቀን 2025 ነበር። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የሚጓዙ ከሆነ አኤሜት የሚባለውን የስፔን የአየር ሁኔታ ድርጅት ማስጠንቀቂያ በየዕለቱ ይመልከቱ። ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ከቤት አለመውጣት ነው፤ ጨዋታው ሌላ ቀን ይደረጋል።

2. ቪዛውን ከጨዋታው ሰፋ አድርገው ይጠይቁ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻ የሚገባው ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ሲሆን፣ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት። ውሳኔው እንደ ደንቡ በ15 ቀን ይሰጣል፤ ተጨማሪ ማጣራት ካስፈለገ እስከ 45 ቀን ሊዘልቅ ይችላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድንም ግዴታ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚያመለክቱት በሚኖሩበት አገር ነው።

የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቁም። በጀርመን፣ በስዊድን ወይም በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ፈቃዱንና ፓስፖርታቸውን አብረው ይያዙ። እንግሊዝ የሸንገን አባል ስላልሆነች የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ብቻውን አያስገባም፤ ይህን ሳያውቅ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ የሚቀር ሰው አይጠፋም።

የጨዋታ ትኬት ቪዛ አያስገኝም። በማመልከቻው ላይ የሚሞሉት የቆይታ ቀን ጨዋታው ወደ ዓርብ ቢሳብ ወይም ወደ ሰኞ ቢገፋ የሚበቃዎ ይሁን።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ማድሪድ ይበርራል፤ ከማድሪድ ቫሌንሲያ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ማድሪድ አቶቻና ቻማርቲን የሚባሉ ሁለት ትላልቅ የባቡር ጣቢያዎች ስላሏት ትኬትዎ ላይ የተጻፈው የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ያንብቡ። የተራራቁ ስለሆኑ፣ የተሳሳተው ጣቢያ የደረሰ ሰው ባቡሩን አያገኘውም።

3. ትኬቱን ከክለቡ ይግዙ፤ ስሙንም ሁለት ጊዜ ያንብቡ

ትኬት የሚገዛው ከክለቡ ድረ ገጽ፣ ከስልክ መተግበሪያው ወይም ከስታዲየሙ መስኮት ነው። በስታዲየሙ ዙሪያ ከሚያዞሩ ሰዎች አይግዙ። የስልክ ትኬት በሩን የሚከፍተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱን ኮድ ፎቶ አንስቶ ለሦስት ሰው የሸጠ ሰው ቀድሞ የደረሰውን ያስገባል፣ ሁለቱን ውጭ ያስቀራል። ስምዎንና የፓስፖርት ቁጥርዎን ከተጠየቁ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሙሉ።

በዚህ ደረጃ ላይ ሦስት ስሞች ሰው ያሳስታሉ።

— “ቫሌንሲያ ሜስታያ” የተባለው ቡድን የክለቡ ተጠባባቂ ቡድን ነው። የሚጫወተውም ከከተማ ወጣ ብሎ ፓቴርና በሚገኘው የልምምድ ማዕከል እንጂ በሜስታያ አይደለም።

— “ሲዩታት ዴ ቫሌንሲያ” ትርጉሙ “የቫሌንሲያ ከተማ” ቢሆንም የሌላው የከተማዋ ክለብ የሌቫንቴ ስታዲየም ነው። ለታክሲ ሹፌር “የቫሌንሲያ ስታዲየም” ብቻ አይበሉት፤ “ሜስታያ” ብለው ስሙን ይጥሩ።

— “ኖው ሜስታያ” በግንባታ ላይ ያለው አዲሱ ስታዲየም ነው። በስልክ ካርታ ላይ ሁለቱም ስለሚወጡ የመንገዱን ስም ይመልከቱ፤ አሮጌው ሜስታያ ያለው አቬኒዳ ዴ ሱዌሲያ ላይ ነው።

4. ወንበሩን በፀሐይ፣ በከፍታና በጩኸት ይምረጡ

በሜስታያ የምሽትዎን መልክ የሚወስነው የወንበሩ ቦታ ስለሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የስታዲየሙን ሥዕል ጊዜ ወስደው ይዩት።

ትሪቡና የሚባለው ክፍል በአቬኒዳ ዴ ሱዌሲያ በኩል፣ በስተምዕራብ ይገኛል። ጣሪያ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ስታዲየም የለመደ ሰው ጥላ ፎቅ ብሎ ያስበው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጀርባው ስለምትሆን ጥላ አለው፤ ዝናብም ቢመጣ ይከልላል። ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ከፊት ለፊቱ ያለው ግራዳ ዴ ላ ማር፣ ማለት የባሕር በኩል፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ነው። ጨዋታው በ16:15 ከሆነ እዚያ የተቀመጠ ሰው የመጀመሪያውን አጋማሽ ዓይኑን በእጁ ከልሎ ሊያይ ይችላል። ኮፍያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በ21:00 ለሚጀመር ጨዋታ ግን ይህ ጉዳይ አይነሳም፤ እዚያ ተቀምጠው ገንዘብዎን ቢቆጥቡ ይሻላል።

ከዚያ የከፍታው ጉዳይ አለ። የላይኞቹ ክፍሎች እጅግ ቀጥ ያሉ ናቸው። ከፊትዎ የተቀመጠው ሰው ራስ ከጉልበትዎ በታች ስለሚሆን ሜዳው ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ የተከላካዮቹ መስመር ወደፊት ሲወጣና ወደኋላ ሲመለስ፣ የአማካዮቹ አሰላለፍ ሲለዋወጥ በቴሌቪዥን የማይገኝ እይታ ነው። ዋጋውም ዝቅ ይላል። ጨዋታ ማንበብ የሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። ጉልበቱን የሚያመው፣ ከፍታ የሚያዞረው ወይም ሕፃን ያቀፈ ሰው ግን ከታችኛው ክፍል ይግዛ። ደረጃው ረጅም ነው፤ በጨዋታው መሀል ወርዶ መመለስም አድካሚ ነው።

ከሰሜኑ ጎል ጀርባ ኩርቫ ኖርድ የሚባለው የደጋፊዎች ክፍል አለ። እዚያ 90 ደቂቃውን ቆሞ መዘመር የተለመደ ነው። ጉልበትና ድምፅ ካለዎት ደስ ይላል። ከልጆች ጋር ከሆኑ ወይም ቁጭ ብለው ማየት ከፈለጉ ግን ከዚያ ራቅ ይበሉ። በየትኛውም የባለሜዳው ክፍል የተጋጣሚውን ማሊያ አይልበሱ፤ ጠብ ባይነሳ እንኳ ጥበቃዎች እንዲያወልቁ ወይም ቦታ እንዲቀይሩ ሊጠይቁዎ ይችላሉ።

5. ሰዓቱን በስፔን አቆጣጠር ይያዙ

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ደረጃ ነው። የስፔን ትኬት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፋል። የተለመዱት የጨዋታ ሰዓቶች በእኛ አነጋገር እነዚህ ናቸው፦ 14:00 ከቀኑ 8 ሰዓት፣ 16:15 ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ፣ 18:30 ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ 21:00 ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት።

ሌላው የአገር ልዩነት ነው። ስፔን በክረምቷ ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት፣ በበጋዋ ደግሞ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ሰዓቷ የሚለወጠው በማርች የመጨረሻ እሑድና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። በእነዚያ ሳምንታት የሚጓዙ ከሆነ የእጅ ሰዓትዎን ከስልክዎ ጋር ያመሳክሩ። ከአዲስ አበባ የሚደውል ዘመድ “ጨዋታው በ5 ሰዓት ነው” ሲልዎ የሚያወራው በራሱ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

6. ቀለል ብለው ይውጡ

በስፔን ስፖርት ሜዳዎች ያለውን ሥርዓት የሚመራው በ2007 የወጣው ሁከትን፣ ዘረኝነትንና ጥላቻን የሚከለክለው ሕግ ነው። ለቀላል ጥፋት የሚጣለው ቅጣት ከ150 እስከ 3,000 ዩሮ ይደርሳል፤ ለከባዱ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ ርችትና ችቦ ይዞ መግባት አይቻልም። የአልኮል መጠጥ በስታዲየም አይሸጥም፤ የሚሸጠው ቢራ አልኮል የሌለበት ነው። ሰክሮ የመጣ ሰውም ትኬት ቢኖረው በር ላይ ይመለሳል።

ውሃ በትንሽ ፕላስቲክ ይያዙ፤ ክዳኑን ፈታሾቹ ሊወስዱት እንደሚችሉ ይወቁ። ሻንጣና ትልቅ ቦርሳ ሆቴል ይተዉ። ከባቡር በቀጥታ ወደ ሜዳ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን የት እንደሚያኖር ሳያዘጋጅ በር ላይ ከደረሰ የመጀመሪያው አጋማሽ ያመልጠዋል። በኦገስትና በሴፕቴምበር ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ስለሚያልፍ ቀላል ልብስ ይበቃል። በጃንዋሪ ምሽት ግን የባሕሩ እርጥበት ብርዱን ስለሚያብሰው ወፍራም ጃኬት ያስፈልጋል።

7. ከጨዋታው በፊት በልተው ይሂዱ

ቫሌንሲያዎች ለረፋድ መክሰስ ክብር ይሰጣሉ። ኤስሞርሳሬት ይሉታል፤ ረጅም ዳቦ በመካከሉ የተሞላ፣ ከጎኑ ወይራ፣ ኦቾሎኒና ትራሙሶስ። ትራሙሶስ የተባለው የእኛው ግብጦ ነው፤ መራራነቱ በውሃ ወጥቶለት፣ በጨው ተነክሮ ይቀርባል። የ14:00 ጨዋታ ላለው ሰው ይህ ከበቂ በላይ ምሳ ነው።

የዳቦውን መሙያ ግን ይጠይቁ። ሃሞን፣ ሎሞ፣ ቾሪሶ፣ ሎንጋኒሳና ሞርሲያ ሁሉም የአሳማ ናቸው፤ “ኤምቡቲዶ” ተብሎ ከተጻፈም እንደዚያው። ፖዮ ዶሮ፣ ቴርኔራ የጥጃ ሥጋ፣ አቱን ቱና ነው። ቶርቲያ በድንችና በእንቁላል ይሠራል። ፓኤያ የሚባለውን የሩዝ ምግብ ሲያዙም ይጠንቀቁ፤ ፓኤያ ቫሌንሲያና የሚባለው ዶሮና ጥንቸል አለበት። ጥንቸል የማይበላ ሰው በአትክልት የተሠራውን ይጠይቅ። ሃላል ምግብ የሚፈልጉ ሩሳፋ በሚባለው ሰፈር ያገኛሉ።

ጨዋታው ዓርብ ላይ ከዋለ ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ የሚጾም ሰው አይቸገርም። ግብጦው፣ ወይራው፣ ቲማቲም የተቀባ ዳቦና የአትክልት ፓኤያ አሉ። ኦርቻታ የሚሉት ነጭ ቀዝቃዛ መጠጥም ቹፋ ከሚባል ትንሽ የሥር ፍሬ የሚጨመቅ እንጂ ወተት የለበትም።

ደጋፊዎች በእረፍት ሰዓት የሚበሉትን ዳቦ በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልለው ከቤት ይዘው ይመጣሉ። እርስዎም ከሰፈር ዳቦ ቤት ገዝተው ቢይዙ በእረፍት ሰዓት ከመሰለፍ ይድናሉ።

8. ከሁለት ሰዓት በፊት ደርሰው አንድ ጊዜ ዙሩት

ለሜስታያ የሚቀርበው የሜትሮ ጣቢያ አራጎን ሲሆን በ5ኛና በ7ኛ መስመር ላይ ነው። 5ኛው መስመር ከአውሮፕላን ማረፊያ፣ በኖርድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለችው ሻቲቫና ከመሀል ከተማዋ ኮሎን አልፎ በቀጥታ ያደርሳል። ፈጣኑ ባቡር የሚቆምበት የሆአኪን ሶሮያ ጣቢያ በ7ኛው መስመር ላይ ነው። 3ኛውን መስመር የያዘ ሰው ፋኩልታትስ ላይ ወርዶ በእግሩ ይመጣል። ካርዱን ሲገቡ ብቻ ሳይሆን ሲወጡም በሩ ስለሚጠይቅዎ ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

ከኮሎን በእግር የሚመጣ ሰው ቱሪያ የሚባለውን፣ ቀድሞ የወንዝ መሄጃ የነበረውን ረጅም መናፈሻ ተሻግሮ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይደርሳል። አየሩ ጥሩ ከሆነ ይህ መንገድ ይመረጣል፤ ደጋፊው ከየጎዳናው እየተቀላቀለ ሲሄድ አብረው ይገባሉ።

እንደደረሱ ወዲያው አይግቡ። ስታዲየሙን አንድ ጊዜ ዙሩትና በርዎን ይለዩ። ምልክቶቹ በስፓኒሽና በቫሌንሲያ ቋንቋ ስለሆኑ እነዚህን ያስታውሱ፦ በር “ፑዌርታ” ወይም “ፖርታ”፣ ክፍል “ሴክቶር”፣ ረድፍ “ፊላ”፣ ወንበር “አሲዬንቶ” ወይም “ሴየንት”። በርዎን ሳያውቁ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ከመጡ በሕዝብ መሀል ግማሽ ዙር መጋፋት ይጠብቅዎታል። በትልልቅ ጨዋታዎች ደጋፊው የቡድኑን አውቶቡስ አቬኒዳ ዴ ሱዌሲያ ላይ ተሰልፎ ይቀበላል፤ ማየት ከፈለጉ ግድግዳ ተጠግተው ይቁሙ፣ ልጅ ካለም በትከሻዎ ያዙ። ከጨዋታው 45 ደቂቃ በፊት ወደ በሩ ይሂዱ። ከመግባትዎ በፊት አብረውዎት ካሉት ጋር የመገናኛ ቦታ ይቁረጡ፤ 40,000 ሰው በአንድ ቦታ ሲደውል ኔትወርክ ይዳከማል።

9. በውስጥ፦ ይዩ፣ ይዘምሩ፣ ክብርዎንም ያስጠብቁ

“አሙንት ቫሌንሲያ!” የሚለው ጩኸት “ቫሌንሲያ ወደ ላይ!” ማለት ነው፤ አብረው ቢጮኹ ማንም ደስ ይለዋል። ሕዝቡ ነጭ መሐረብ ሲያውለበልብ ካዩ ግን የደስታ ምልክት አይምሰልዎ፤ በአሰልጣኝ ወይም በአመራር ላይ የሚቀርብ ተቃውሞ ነው። በክለቡ ባለቤት በፒተር ሊም ላይ የሚሰማው ቅሬታም የዓመታት ነው። እንግዳ ሰው ጎረቤቱን ጠይቆ ቢረዳ ጥሩ ነው፤ በማያውቀው ጉዳይ መሪ ሆኖ መጮህ ግን አይመከርም።

አንድ ጉዳይ በግልጽ መነገር አለበት። ሜይ 21 ቀን 2023 የሪያል ማድሪዱ ቪኒሲየስ ጁኒየር በዚሁ ሜዳ በቆዳው ቀለም ተሰድቧል። በጁን 2024 ሦስት ሰዎች በዚህ ጥፋት የስምንት ወር እስራት ተፈርዶባቸው፣ ለሁለት ዓመት ከስታዲየም ታግደዋል። በስፔን እግር ኳስ ለተመልካች የዘረኝነት ስድብ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ፍርዱ የሚያሳየው ሕጉ ጥርስ እንዳለው ነው። ጥቁር ጎብኚም ይህን አውቆ መግባት ይገባዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምዎ ወይም በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ ቢያዩ፦

— ለተሳዳቢው መልስ አይስጡ፤ ጠብ ከተነሳ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ፣ እሱ የጀመረው መሆኑም ይድበሰበሳል።

— ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል፣ የሰውየውን ክፍልና ረድፍ በስልክዎ ይጻፉ።

— ለጥበቃ ሠራተኛ ወይም ለፖሊስ ወዲያው ያሳዩ፤ እንዲመዘገብልዎም ይጠይቁ። የብሔራዊ ፖሊስ ስልክ 091፣ የአደጋ ጊዜ ጥሪ 112 ነው።

— በአጠገብዎ ያሉ ሰዎች ምስክር እንዲሆኑ ይጠይቁ። ላሊጋም የዘረኝነት ጥቆማ የሚቀበልበት መንገድ አለው።

10. መውጫውን ከመግባትዎ በፊት ይወስኑ

በ21:00 የጀመረ ጨዋታ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ያልቃል። በሳምንቱ መሀል ቀናትና እሑድ ማታ የመጨረሻው ሜትሮ ቅርብ ስለሆነ የሚነሳበትን ሰዓት ገና ከሆቴል ሳይወጡ ያረጋግጡ። በዚያች ሌሊት ወደ ማድሪድ ለመመለስ አይሞክሩ፤ ፈጣን ባቡር አያገኙም። የ18:30 ጨዋታም ቢሆን ካለቀ በኋላ ባቡር ለመያዝ የሚተርፈው ጊዜ ጠባብ ስለሆነ፣ ሌሊቱን እዚያው ማደር ይሻላል።

ፊሽካው እንደተነፋ ሁሉም ወደ አራጎን ይጎርፋል። ሩብ ሰዓት ወንበርዎ ላይ ይቆዩ፤ የላይኛው ደረጃ ቀጥ ያለ ስለሆነ በግፊያ መውረድ አደገኛ ነው። ከዚያ ወይ ወደ ፋኩልታትስ ይሂዱ፣ ወይ ቱሪያን ተሻግረው ወደ መሀል ከተማ በእግር ይመለሱ። ታክሲ የሚፈልግ ሰው ከስታዲየሙ በር ላይ አይጠብቅ፤ ሦስትና አራት መንገድ ያህል ራቅ ሲል ቶሎ ያገኛል።

11. በማግስቱ ለጉብኝት ይመለሱ

በጨዋታ ቀን ከራስዎ ክፍል ወጥተው እንደ ልብ መዘዋወር አይችሉም፤ ስታዲየሙን ከውስጥ ማየት የሚፈልግ ሰው ለጉብኝት ሌላ ቀን ይመድብ። ጉብኝቱ ላይ በትሪቡና 15ኛው ረድፍ ወደሚገኘው 164 ቁጥር ወንበር መሄድ አይርሱ። እዚያ የተቀመጠው የነሐስ ሐውልት የቪሴንቴ ናቫሮ አፓሪሲዮ ነው፤ በ54 ዓመቱ የዓይን ብርሃኑን ካጣ በኋላም ወደ ሜስታያ መምጣት አላቋረጠም፣ ልጁ ከጎኑ ሆኖ ጨዋታውን ይተርክለት ነበር። ክለቡ ሐውልቱን ያቆመው መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2019 ነው።

የጉብኝት ሰዓት በጨዋታ ዋዜማና በዕለቱ ሊያጥር ወይም ሊሰረዝ ስለሚችል ከክለቡ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጠው ትኬቱን አስቀድመው ይቁረጡ። ጨዋታው ከእሑድ ወደ ሰኞ ቢዛወርብዎም ጉብኝቱን ወደ ቅዳሜ ስበው ሁለቱንም ማየት እንዲችሉ፣ በመጀመሪያው ደረጃ የተባለውን የቀን ስፋት ይጠቀሙበት።